ሐዲድ ያልደረሰበት መገናኛ፦ ከወረታ እስከ አዲስ ዘመን

መግቢያ

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ አንድ የአገራችን መንገድ ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ መጀመሪያ ያሰብሁት እንደ ብዙዎቹ የሙያ ጓደኞቼ ስለ ጅቡቲው ምድር ባቡር ነበር። በ1886 ዓ.ም. ፈቃዱ ተሰጥቶ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ያ አሮጌ ሐዲድ ብዙ ተጽፎለታል። ባቡር በማይሄድበት ክፍሉ ሐዲዱን ተከትሎ በእግሩ የሚጓዝ ሰው ዛሬም አሮጌ ጣቢያዎችንና ድልድዮችን እያየ ታሪኩን ከመሬቱ ላይ ሊያነብ ይችላል። ይሁን እንጂ ታሪክ ያለው የተሠራው መንገድ ብቻ አይደለም። በካርታ ላይ ተሠምሮ የቀረው፣ ታስቦ ያልተዘረጋውም የራሱ ታሪክ አለው፤ እንዲያውም ለእኛ ለመሐንዲሶች ከተሠራው ይልቅ ያልተሠራው የሚያስተምረን ጊዜ ይኖራል።

ከእንደዚህ ያሉት መሥመሮች አንዱ በደቡብ ጎንደር የፎገራ ሜዳ ላይ ይገኛል። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ለአገሪቱ ከታቀዱት ስምንት ዋና ዋና የሐዲድ መሥመሮች መካከል ሁለቱ የሚገናኙት ወረታ ላይ ነው። አንደኛው ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳር፣ በወረታ፣ በወልድያና በሰመራ በኩል እስከ ኤሊዳር የሚዘልቅ የ734 ኪሎ ሜትር መሥመር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከወረታ ተነሥቶ በአዘዞ በኩል መተማ የሚደርስ የ244 ኪሎ ሜትር መሥመር ነው። በዚህ ዕቅድ መሠረት ወረታ ከምሥራቅ የቀይ ባሕርን አቅጣጫ፣ ከምዕራብ የሱዳንን ድንበር የምታይ የሐዲድ መገናኛ ትሆን ነበር። እስከ ዛሬ ግን አንድም የሐዲድ ብረት በሜዳው ላይ አልተነጠፈም።

ይህ ጸሐፊ በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ከወረታ ተነሥቶ እስከ አዲስ ዘመን ያለውን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ በእግሩ ሄዶታል። መንገዱ ሲራራ ነጋዴ የተመላለሰበት፣ ጦር የዘመተበት፣ መኪና የሚሄድበት ነው፤ ሐዲዱም ቢዘረጋ ኖሮ ከዚህ አካባቢ ርቆ ሊሄድ ባልቻለ ነበር። ምክንያቱም በምዕራብ የጣና ሐይቅ፣ በምሥራቅ የጉና ተራራ ቅጥያዎች ስላሉ፣ ከወረታ ወደ ሰሜን የሚሄድ ማንኛውም መሥመር በሁለቱ መካከል ማለፍና የርብን ወንዝ መሻገር ግድ ይሆንበታል። የጉዞዬ መነሻ የነበረው ጥያቄ ይህ ነው፦ በዚህ ሜዳ ላይ የመንገድን አቅጣጫ የሚወስነው ማን ነው? ቀያሹ ነው ወይስ ውኃው?

ከመገናኛው መነሣት

ወረታ የመንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደውና ከወልድያ በደብረ ታቦር በኩል የሚመጣው መንገድ እዚህ ይገጥማሉ። ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከመገናኛው ስነሣ፣ ሩዝ የጫኑ የጭነት መኪናዎች ሞተራቸውን እያሞቁ፣ የአውቶቡስ ረዳቶችም «ደብረ ታቦር! ጎንደር! ባሕር ዳር!» እያሉ ሲጣሩ ነበር። የሐዲድ ዕቅድ አውጪዎች ወረታን የመረጡበትን ምክንያት ለመረዳት ካርታ መዘርጋት አያስፈልግም፤ እዚያ ቆሞ ረዳቶቹን መስማት ይበቃል።

ከምሥራቅ የሚመጣውን መንገድ የአካባቢው ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ኢትዮጵያና የቻይና ሕዝባዊ ሪፑብሊክ በኅዳር 1963 ዓ.ም. የዲፕሎማሲ ግንኙነት ከመሠረቱና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ቤይጂንግን ከጎበኙ በኋላ በተደረሰው የርዳታ ስምምነት የተገኘ ሲሆን፣ ሥራው በደርግ ዘመን ተፈጽሟል። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ መንገድ ወሎንና ቤጌምድርን በደጋው ላይ አያይዟል።

በዚህ አቅጣጫ ከባድ ነገር ለማጓጓዝ መንገድ የጠረገ የመጀመሪያው ሰው ግን ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎች ያቀለጡትን፣ ወደ 70 ኩንታል የሚገመተውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ይዘው በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ድንጋይ እያስፈነቀሉ፣ ገደል እያስደለደሉ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው። ዛሬ በመኪና በአንድ ቀን የሚደረስበት አገር ከ5 ወር በላይ ወሰደባቸው። የመንገዱ ሥራ በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ አስደናቂ ነው፤ ነገር ግን መንገዱ ለአንድ ጉዞና ለአንድ ዓላማ የተጠረገ ስለ ነበረ፣ ከመድፉ በኋላ ሥራዬ ብሎ የጠበቀው ሰው አልነበረም።

ሐዲዱም ወደ ምሥራቅ ቢወጣ የሚገጥመው ያው ደጋ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር፣ ወረታ ደግሞ 1,820 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው፤ በመካከላቸው ያለው የመኪና መንገድ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህም ማለት መንገዱ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 21 ሜትር ይወርዳል። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መሥመር የተነደፈበት ከፍተኛው ዳገት በ1,000 ሜትር 18.5 ሜትር ነው። በዚያው ልክ እንሥራ ብንል፣ ምንም ጠመዝማዛና ምንም የጣቢያ ሜዳ ሳይታሰብ፣ ለቁልቁለቱ ብቻ ከ47 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ያስፈልጋል። ጋሸና አካባቢ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋው ከፍታ ሲጨመርበት ሥራው ምን ያህል ዋጋ እንደሚጠይቅ አንባቢ ሊገምት ይችላል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሥመር በ2007 ዓ.ም. ሥራው ሲጀመር ብዙ ተስፋ ተደርጎ ነበር፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ እስከ ወረታ ያለው ግን ከወረቀት አልወረደም።

ስለዚህ ብዙ ሰው «ችግሩ ተራራው ነው፤ ሜዳው ላይ ከደረሱ በኋላ ሐዲድ መዘርጋት ቀላል ነው» ይላል። እኔም ከመነሣቴ በፊት እንዲሁ አስብ ነበር።

ሜዳውና ውኃው

ከከተማው ወጥቼ ከአስፋልቱ ወረድ ባለው የእግረኛ መንገድ ስጓዝ፣ በግራና በቀኝ የተወቃ ሩዝ ገለባ ተከምሮ፣ በርጥበቱ የተዘራ ጓያ አረንጓዴ ሆኖ፣ ለወንዙ በቀረበው ማሳ ደግሞ ሽንኩርት በሞተር በሚሳብ ውኃ ሲጠጣ ይታይ ነበር። ሩዝ በዚህ አገር የቆየ እህል አይደለም፤ በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞክሮ ነው የተስፋፋው። ከዚያ በፊት ሜዳው በይበልጥ የሚታወቀው በከብቱ ነበር። ሥጋና ወተት የሚሰጠው፣ ረግረጉን የለመደው የፎገራ ከብት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሜዳ ነው። ሩዙ የተስማማበት ምክንያት ደግሞ መንገድ ሠሪን የሚያስቸግረው ያው ነገር ነው፤ ውኃው ይተኛል።

የሜዳው አፈር ዋልካ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይንሸራተታልም። በላዩ ላይ የተደለደለ መንገድም ሆነ ሐዲድ ከአፈሩ ጋር አብሮ ይነሣል፣ ይወርዳል። ይህ ለአንባቢዎቼ አዲስ አይደለም። ከአፈሩ የሚብሰው ግን ውኃው ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ይደክማል፤ የተሸከሙትንም አፈር እዚያው ይጥሉታል። በዚህ ምክንያት የወንዞቹ ወለል ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል። በታችኛው ጉማራ ላይ የተደረገ ጥናት ወለሉ በግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ መጨመሩን አሳይቷል። ወለሉ ከፍ ያለ ወንዝ ደግሞ ዳርቻውን ያልፋል፤ አልፎ አልፎም አሮጌ ቦዩን ትቶ በሌላ ይሄዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ የፎገራን ገበሬ ከቤቱ አፈናቅሎ እንደ ነበር ይታወሳል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ከመሬት 3 ወይም 4 ሜትር ከፍ አድርገን የሐዲድ ድልድል ብንሠራ፣ የሠራነው ሐዲድ ብቻ አይደለም፤ ሳናስበው ግድብም ሠርተናል። ከምሥራቅ ወደ ሐይቁ የሚሄደው ውኃ ሁሉ ከድልድሉ ጋር ይጋጠማል። ማለፊያው በትክክለኛው ቦታና መጠን ካልተተወለት ከላይ ያለውን ማሳ ያጥለቀልቃል፤ ከታች ያለው ሩዝ ደግሞ ይጠማል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ሳልናገር ባልፍ ጽሑፌ ሐቀኛ አይሆንም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በሥራ በቆየሁበት የመጀመሪያ ዓመት፣ ከፎገራ ብዙ ርቆ በሚገኝ ሌላ የዋልካ ሜዳ ላይ፣ በአንድ የመንገድ ሥራ የውኃ ማሳለፊያ ቱቦዎችን ቦታ እንዳወጣ ተመድቤ ነበር። ቅየሳው የተደረገው በየካቲት ነው። መሬቱ ደርቆ፣ ጠረጴዛ መስሎ ነበር። ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ቀመርና ከካርታው የለካሁትን ስፋት ይዤ ቱቦዎቹን በእኩል ርቀት ደረደርኋቸው። ሁለት ገበሬዎች ወደ እኔ መጥተው፣ «ውኃው የሚያልፈው እዚያ ሳይሆን በዚህች ግራር ሥር ነው» አሉኝ። አመስግኜ ሸኘኋቸው እንጂ በማስታወሻዬ ላይ አልጻፍሁትም፤ የግራሯ ሥር በካርታዬ ላይ ከአካባቢው ልዩነት የሌለው ቦታ ነበርና። በነሐሴ ወር ውኃው ከግራሯ ሥር መጣ፤ ድልድሉን አጣና ተኛ። የእነዚያ ሰዎች ጤፍ ለሦስት ሳምንት ውኃ ውስጥ ቆየ። በሚቀጥለው በጋ በቦታው ላይ ተጨማሪ ቱቦ ተቀበረ፤ የዚያን ዓመት ጤፍ ግን የመለሰላቸው የለም። በፎገራ ሜዳ ላይ በእግሬ መሄድ የፈለግሁበት ምክንያት ከታሪክ ፍቅር ብቻ የመጣ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ።

የርብ ድልድይ

መንገዱ እኩሌታ ሳይሞላ ርብ ይደረሳል። በጥር ወር ወንዙ ትሑት ነው፤ በሰፊ አሸዋ መካከል ቀጭን ሆኖ ይሄዳል። በርብና በጉማራ ላይ ዛሬ መኪና ከሚሻገርባቸው ድልድዮች ሌላ፣ በዘልማድ «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚባሉ በድንጋይና በኖራ የተሠሩ የጎንደር ዘመን ድልድዮች ነበሩ። የአገሩ ትውፊት ሥራቸውን ለዐፄ ፋሲል ይሰጣል።

«የፖርቱጋል» የሚለው ስም በከፊል ብቻ ነው እውነትነት ያለው። በኖራ የመገንባት ሥራ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ኢየሱሳውያኑ በአገሩ በነበሩበት ወቅት እንደ ተስፋፋና በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይም በዚያው ንጉሥ ዘመን እንደ ተሠራ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከአገር ካስወጡ በኋላም ሥራው አልቆመም። የጎንደር ግቢ፣ አብያተ ክርስቲያናቱና ድልድዮቹ የተሠሩት አብዛኛው እጅ የአገር ሰው በሆነበት ዘመን ነው። ጥበቡ ከውጭ መጣ፤ ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቃጠለው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ድልድዩ የት እንደሚያስፈልግ ያወቀው የአገሩ ሰው ነው።

የት እንደሚያስፈልግ ማወቁ ቀላል ነገር አልነበረም። ከጎጃም ገበያዎች ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ ወይም ወደ መተማ የሚሄደው ሲራራ ነጋዴ የሚጓዘው በበጋ ነው፤ ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ይሞላሉ፣ ንግዱም ይቆማል። የመንግሥቱ ከተማ ከ1628 ዓ.ም. ጀምሮ ጎንደር ከሆነ ወዲህ ግን ዜናና ግብር፣ ጦርም ቢሆን፣ ወራት ሙሉ ርብን ሊጠብቅ አይችልም ነበር። ስለዚህ ድልድይ የተሠራው በመንግሥቱ ዋና መንገድ ላይ ውኃው ሰውን በሚያቆምበት ቦታ ነው። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከጎንደር ወደ ዓባይ ምንጭ ሲጓዝ በዚሁ ሜዳ አልፎ ርብንና ጉማራን ተሻግሯል።

ከወንዙ ዳር ከአንድ ሾላ ሥር አንድ ሽማግሌ ከብት ያጠጡ ነበር። ቦርሳዬንና ባርኔጣዬን አይተው ቀድመው አነጋገሩኝ።

«ወዴት ነህ ልጄ? መኪና አጣህ?»

«እንደምን አረፈዱ አባቴ። መኪናስ ነበረ፤ መንገዱን በእግሬ ልየው ብዬ ነው።»

«ትለካለህ?»

«ዛሬ አልለካም፤ አያለሁ ብቻ።»

«ደግ አደረግህ። የሚለካ ብዙ አይተናል፤ የሚጠይቅ ነው ያጣን።»

ከዚያ በኋላ ጥያቄውን እኔ አበዛሁ። ለመንገድ፣ ለመስኖ፣ ለግድብ፣ ለሌላም ሥራ እየተባለ በዕድሜያቸው ችካል ሲቸከል ብዙ ጊዜ አይተዋል። ከላይ በኩል የተሠራው የርብ ግድብ 73 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝም የታቀደ ነው። «ግድቡ ውኃውን ይይዝልን ይሆናል፤ አፈሩን ግን ማን ይይዝልናል?» አሉ። ቀጥለውም በበትራቸው ወደ ምዕራብ እያመለከቱ፣ «ርብ በበጋ አንድ ወንዝ ነው፤ በክረምት ብዙ ነው። በዚያ ወርካ በስተግራ ያልፋል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያልፋል፤ ሲያብስ ደግሞ አስፋልቱን ዘሎ ይሄዳል። በልጅነቴ ታንኳ የምንገፋበት ቦታ አሁን የሽንኩርት መደብ ነው። ውኃው ግን አልረሳውም፤ በየጥቂት ዓመቱ ይመለስበታል» አሉኝ።

በዚህ ጊዜ ማስታወሻዬን አውጥቼ ሦስቱን ቦታ ጻፍሁ። ሽማግሌው ስጽፍ አይተው ዝም አሉ፤ ከዚያም ከብቶቻቸውን እየነዱ፣ «በል መንገድ ይቅናህ» ብለውኝ ሄዱ።

በወረቀት ላይ የተዘረጉ ሐዲዶች

ከርብ እስከ ይፋግ ባለው መንገድ ላይ ፀሐይዋ በርትታ ነበር። ይህን ሰፊ ሜዳ ሳያዩ ስለ እርሱና ስለ ሐይቁ የተዋዋሉትን ሰዎች ለማሰብ በቂ ጊዜ አገኘሁ።

ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት የድንበር ውል በአምስተኛው አንቀጹ፣ ሱዳንን ከዩጋንዳ የሚያገናኝ ሐዲድ በኢትዮጵያ መሬት ላይ ለመዘርጋት ለእንግሊዝና ለሱዳን መንግሥት ፈቅዷል፤ አቅጣጫው ግን በሁለቱ ወገኖች ስምምነት እንዲመረጥ አስቀምጧል። የዚያው ውል ሦስተኛ አንቀጽ፣ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ስምምነት ውጭ የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውኃ የሚያቆም ሥራ እንዳይሠራ የሚመለከት ነው። ሐዲድና ውኃ በአንድ ወረቀት ላይ የተገናኙት ያን ጊዜ ነው። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ እርስ በርሳቸው ባደረጉት ስምምነት፣ ኢጣሊያ ኤርትራንና ሶማሊያን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በኩል የማገናኘት ጥቅም እንዳላት ተቀባበሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን የኢትዮጵያን ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም።

በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣሊያ ይህንኑ ነገር በደብዳቤ ልውውጥ አደሱት። እንግሊዝ በጣና መውጫ ላይ ግድብና ከሱዳን ድንበር እስከ ግድቡ የመኪና መንገድ፣ ኢጣሊያም ከኤርትራ እስከ ሶማሊያ የሚደርስ ሐዲድ ለማግኘት እንዲረዳዱ ተስማሙ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ነገሩን ሰምተው ዝም አላሉም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ነበርና፣ አባል አገሮች በሌላ አባል አገር መሬት ላይ እንዴት ይስማማሉ ብለው በ1918 ዓ.ም. ለማኅበሩ አቤቱታ አቀረቡ። ሁለቱ መንግሥታትም ኢትዮጵያን ለማስገደድ አላሰብንም ብለው ማስተባበል ግድ ሆነባቸው። ጣናን የሚመለከተው ጥናት ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ ጄ.ጂ. ዋይት ለተባለው የአሜሪካ የምሕንድስና ኩባንያ ተሰጠ።

እነዚህ ውሎች ስለ ሐይቁ ውኃ ሲናገሩ ውኃው ከፍ ቢል መጀመሪያ የሚያገኘው የፎገራን ሜዳ መሆኑን ያሰበ የነበረ አይመስልም። ካርታ ላይ ሐይቅ ሰማያዊ፣ ሜዳ ነጭ ነው፤ በመካከላቸው ያለው መስመርም ቀጭንና የጸና ይመስላል። በእግሩ የሄደ ሰው ግን ያ መስመር በክረምት ኪሎ ሜትሮች ወደ ውስጥ እንደሚገባ ያያል።

ኢጣሊያኖች በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደር ሲገቡ፣ ለብዙ ዓመት የተመኙትን ሐዲድ ለመዘርጋት የከለከላቸው ሰው አልነበረም። ሆኖም አልዘረጉትም። ከምጽዋ አስመራ የሚወጣውን 117 ኪሎ ሜትር ሐዲዳቸውን እ.ኤ.አ. በ1911 አድርሰው ወደ ምዕራብ ሲገፉ ቢሻ ላይ ቆመው ነበር። በኢትዮጵያ ላይ በቆዩባቸው ዓመታት ግን ጉልበታቸውን ያዋሉት ፈጥኖ ጦር ለሚያመላልሰው ለመኪና መንገድ ነው። ያም መንገድ ቢሆን የሜዳውን ሕግ አላመለጠም። በ1933 ዓ.ም. የደብረ ታቦር ጦራቸው እጁን ከሰጠ በኋላ የጎንደር ዘመቻ የመጨረሻው ግጥሚያ የተደረገው ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ከደረቀ በኋላ ነው። ከአዲስ ዘመን በስተሰሜን ያለው የቁልቋል በር ምሽግ በኅዳር 1934 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦርና በኢትዮጵያ አርበኞች ተሰብሮ፣ በዚያው ሳምንት ጎንደር ነፃ ወጣች። የሲራራ ነጋዴው በጋን እንደ ጠበቀ ሁሉ የሞተር ጦሩም በጋን ጠበቀ።

ይፋግና አዲስ ዘመን

አዲስ ዘመን ሳይደረስ ያለው ይፋግ ዛሬ አነስተኛ ቦታ ነው። በዘመነ መሳፍንት ግን በቤጌምድር ስም ያላት የገበያና የኬላ ከተማ ነበረች፤ ነጋዴው ቀረጡን የሚከፍልባት፣ አሞሌና ቡና፣ ሰምና በቅሎ የሚለዋወጥባት። በጎንደርና በደብረ ታቦር መንገዶች ላይ መቀመጧ አከበራት። ዋናው ንግድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲዞር፣ በኋላም መኪና መጥቶ ነጋዴው በአንድ ቀን ማለፍ ሲጀምር፣ ክብሩ ወደ ሌሎች ከተሞች ተላለፈ። የሊቦ አውራጃ ዋና ከተማ የነበረችው አዲስ ዘመንና መገናኛዋ ወረታ የቆሙት በዚህ ለውጥ ላይ ነው። ሐዲድ ቢመጣ ደግሞ ይህ ሚዛን እንደገና ይናጋ ይሆናል። የመንገድን አቅጣጫ የሚያወጣ መሐንዲስ የከተሞችን ዕጣ እንደሚያወጣ ይፋግ ቆማ ትመሰክራለች።

አዲስ ዘመን የደረስሁት ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ ነበር። ወደ ኋላ ዞሬ ስመለከት ሜዳው በገለባው ክምር ቢጫ ሆኖ፣ ከምዕራብ ሐይቁ እንደ ብር ያበራ ነበር። ከዚያ ከፍታ ሲታይ ፍጹም ጠፍጣፋ ነው። በካርታ ላይ ማስመሪያ አጋድሞ ከወረታ እስከዚህ አንድ ቀጥታ መስመር ማስመር ምንም አያስቸግርም።

ማጠቃለያ

በመግቢያው ላይ ያነሣሁትን ጥያቄ እንደሚከተለው እመልሳለሁ። በፎገራ ሜዳ ላይ የመንገድን አቅጣጫ የወሰነው ሁልጊዜ ውኃው ነው። ሲራራ ነጋዴው ይህን አውቆ በጋን ጠበቀ፤ የጎንደር ነገሥታት አውቀው ድልድይ ሠሩ፤ በሩቅ ተቀምጠው የተዋዋሉት ሳያውቁት ቀሩ። ሐዲዱ ያልተዘረጋው በዋናነት በገንዘብና በዘመን ምክንያት ስለሆነ፣ አንድ ቀን ሊዘረጋ ይችላል፤ የወረታ መገናኛነትም አልተለወጠም። እንግዲያው ያልተሠራበትን ጊዜ እንደ ባከነ ሳንቆጥር ለዝግጅት ብንጠቀምበት መልካም ነው።

ለማኅበራችን አባላት ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የርብና የጉማራ አሮጌ ድልድዮች የወንዙ አፈር እየቀበራቸው፣ ጎርፉም እየበላቸው ከመሄዳቸው በፊት፣ ልካቸው ተወስዶ፣ ቅስቶቻቸውና ኖራቸው ተጠንቶ፣ ንድፋቸው በማኅበራችን መዝገብ ይቀመጥ። ይህ ለቅርስ ጥበቃ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። የቅስቶቹ ከፍታ ሲሠሩ ከነበረው የወንዝ ወለል ጋር ሲነጻጸር፣ ሜዳው በብዙ ምዕት ዓመታት ምን ያህል እንደ ተደለለ የሚነግረን መለኪያ ነው። ሁለተኛ፣ በዚህ ሜዳ ላይ ማናቸውም የመሥመር ቅየሳ ሲደረግ፣ በበጋ የተወሰደው ልክ በክረምት በቦታው ተገኝቶ ይመርመር፤ ውኃው የሚያልፍባቸው ቦታዎችም የአካባቢው ሽማግሌዎች በተገኙበት እየተጠየቁ በካርታው ላይ ይመዝገቡ። ወጪው የአንድ ቱቦ ዋጋ አይሞላም።

እኔ በዚያ ቀን ይዤ የተመለስሁት ልክ የለም። በማስታወሻዬ ላይ የሰፈሩት ሦስት መስመሮች ብቻ ናቸው፦ ከወርካው በስተግራ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፤ አስፋልቱን ዘሎ። ሦስቱንም በካርታዬ ላይ አስፍሬያቸዋለሁ።